ሳተላይት እያለ ቀንድ አውጣ መቁጠር ምን የሚሉት ነው?

የመጣልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኛ ባለንበት የባህር ዳርቻ ወደብ ሊስፋፋ ነው። ቁፋሮው የሚጀመረው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ቡድናችን እስከዚያው ባህሩን እንዲከታተል ታዟል። አለቃችን በየወሩ ውሃ ቀድታችሁ ላብራቶሪ ላኩ፣ የሳተላይት ምስል አውርዱ፣ በቃ ይላል። የባዮሎጂ ባለሙያችን ደግሞ ድንጋይ ላይ ተንበርክከን ቀንድ አውጣ እንድንቆጥርና የባህር ጭቃ እንድናጣራ ትፈልጋለች። የማን ይሻላል? ኋላ ላይ ‹ጉዳቱ የመጣው ከወደቡ ነው› ወይም ‹አይደለም› ለማለት በዚህ ዓመት ምን መሥራት አለብን?»

መልሱን ላስቀድም። ባለሙያዋ ልክ ናት። አለቃችሁም ጨርሶ አልተሳሳተም። ግን ሁለቱም ያላነሱት ጉዳይ አለ፣ ከሳተላይቱም ከቀንድ አውጣውም የሚቀድም። የት የት ነው የምትለኩት? ውጤቱንስ ከምን ጋር ልታወዳድሩት ነው? ይህ ካልተመለሰ ምርጥ መሣሪያ ቢገዛም በመጨረሻ እጃችሁ ላይ የሚቀረው የቁጥር ክምር ነው።

ባህር ማንም ሳይነካውም ይለዋወጣል። ውሃው ይሞላል፣ ይጎድላል። ዝናብ ሲዘንብ ወንዙ ጭቃና ማዳበሪያ ጠርጎ ያስገባል። አውሎ ነፋስ የታችኛውን አሸዋ ገልብጦት ይሄዳል። አንድ ዓመት የዓሣ ጫጩት እንደ ጉድ ይፈላል፣ በሚቀጥለው ዓመት ደብዛው ይጠፋል። ታዲያ ወደቡ ተሠርቶ በሁለተኛው ዓመት የባህር ሣሩ በግማሽ ቢቀንስ ተቋራጩ «ሙቀቱ ነው» ይላል፣ ዓሣ አጥማጁ «ቁፋሮው ነው» ይላል፣ እውነቱ ደግሞ የሁለቱም ድምር ሊሆን ይችላል። እናንተ መሀል ላይ ተገትራችሁ «እስቲ መረጃ አምጡ» ትባላላችሁ። ያን ቀን የምታወጡት ወረቀት ዛሬ የምትጀምሩት ነው።

መጀመሪያ ስለ ውሃ መቅዳት። ጠርሙስ ውስጥ የገባው ውሃ የሚነግራችሁ የዚያችን ደቂቃ ነገር ነው። በወር አንዴ ቀዳችሁ ማለት ከዓመቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ደቂቃ አያችሁ ማለት ነው። ኦክስጅንን እንውሰድ። ጥልቀት በሌለውና የባህር ሣር በሞላበት ውሃ ውስጥ ቀን ቀን ተክሎቹ ኦክስጅን ያመርታሉ፤ ሲመሽ ምርቱ ይቆማል፣ መተንፈሱ ግን ይቀጥላል። ከሰዓት በኋላ የለካ ሰው «አቤት ሲያምር» ሲል፣ ንጋት ላይ የለካው ዓሣ የሚታፈንበት ደረጃ ላይ ሊያገኘው ይችላል። ይህን የማውቀው በመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሙሉ ወቅት በየሳምንቱ እየለካሁ ከረምኩና «ኦክስጅኑ አንድም ቀን አልወረደም» ብዬ በኩራት ጻፍኩ። ጀልባዋ የምትነሳው ሁልጊዜ ረፋድ ላይ ነበር፣ ፀሐይ በደንብ ከሞቀች በኋላ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በየአሥር ደቂቃው የሚመዘግብ ሴንሰር ጥሎ ሲያድር ሌላ ታሪክ ወጣ። ያ ሪፖርት ትዝ ሲለኝ እስካሁን ፊቴን ይሞቀኛል።

ሌላው የጠርሙስ ጣጣ ጥልቀት ነው። ላዩ ደህና ሆኖ ታቹ የታፈነ ውሃ አለ። የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ «የሞተ ቀጠና» የሚታወቀው በዚህ ነው። የሚሲሲፒ ወንዝ ከእርሻ ያጠበውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዞ ይገባል፣ አልጌው ይፈላል፣ ሞቶ ወደ ታች ሲወርድ ባክቴሪያ ያበሰብሰዋል፣ በዚያም ከታች ያለው ኦክስጅን ያልቃል። ከላይ ያለው የወንዝ ውሃ ቀላል ስለሆነ እንደ ክዳን ተደፍቶ አየር እንዳይወርድ ያደርጋል። ተመራማሪዎች ከ1985 ጀምሮ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየበጋው በመርከብ እየዞሩ እታች ድረስ መሣሪያ እያወረዱ ይለኩታል። በአንድ ሊትር ውስጥ 2 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ኦክስጅን ያለበትን ቦታ ይደምሩታል። በ2017 ድምሩ 22,720 ካሬ ኪሎ ሜትር ደረሰ፣ ከተለካው ሁሉ ትልቁ። ይህን ከላይ ሆኖ በባልዲ የሚቀዳ ሰው አያገኘውም። ሳተላይትም አያየውም።

ስለ ሳተላይት ካነሳን አይቀር፣ ለአለቃችሁ ፍትሐዊ ልሁን። ሳተላይት ድንቅ ነገር ነው። ሰፊ ቦታ በአንዴ ያሳያል፣ ወደ ኋላ ሄዳችሁ የድሮ ምስል ማየት ትችላላችሁ፣ አብዛኛው ደግሞ በነፃ ነው። የኮራል ሙቀት ክትትል ያለሱ አይታሰብም፦ የባህሩ ሙቀት ከወትሮው የሞቃታማ ወር አማካይ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ከፍ ብሎ ለሳምንታት ከቆየ ኮራሉ ነጭ መሆን ይጀምራል፣ ሳተላይቱ ደግሞ ያን ጭማሪ በየሳምንቱ እየደመረ ማስጠንቀቂያ እንዲወጣ ያስችላል። ችግሩ ዳርቻ ላይ ነው። ሙቀት የሚለካው የውሃውን ቆዳ ነው፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያነሰውን። ውሃው ጭቃማ ሲሆን አልጌውንና ደለሉን መለየት ይቸግረዋል። ብዙዎቹ የባህር ቀለም መረጃዎች ላይ የምስሉ አንዷ ነጥብ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ስላላት ወደባችሁ ከነመግቢያው በሦስት አራት ነጥብ ሊያልቅ ይችላል። ጠራ ያለ ምስል የሚያነሱት ሳተላይቶችም ቢሆኑ ደመና ሲመጣ ያው ናቸው። ስለዚህ አውርዱት፣ ተጠቀሙበት፣ ግን በሱ ብቻ አትተማመኑ።

አሁን ወደ ቀንድ አውጣው።

ከ1960ዎቹ ጀምሮ የመርከብና የጀልባ ሆድ ትራይቡቲልቲን የሚባል፣ ባጭሩ ቲቢቲ፣ ውህድ ባለበት ቀለም ይቀባ ነበር። ዓላማው ቅርፊታም እንስሳትና አልጌ እንዳይለጠፉበት ነው። ቀለሙ በጣም ይሠራ ስለነበር ሁሉም ወደደው። በ1970 ግድም በደቡብ እንግሊዝ ፕሊመዝ አካባቢ አንድ ተመራማሪ፣ ስቲቨን ብሌበር፣ ዶግ ዌልክ የምትባለውን ተራ የድንጋይ ላይ ቀንድ አውጣ ሲመረምር ግራ የሚያጋባ ነገር አየ። ሴቶቹ የወንድ ብልት አብቅለዋል። ምክንያቱ ወዲያው አልታወቀም። በ1980ዎቹ ብራያንና ጊብስ የሚባሉ የዚያው ከተማ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ዳርቻ ለዳርቻ እየዞሩ ሲቆጥሩ ጉዳዩ ፍንትው አለ። ጀልባ ወደሚበዛበት በተጠጉ ቁጥር ችግሩ ይብሳል፣ ራቅ ሲሉ ይቀላል። ጥፋተኛው ቲቢቲ ሆኖ ተገኘ። የሚያስፈልገው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 1 ናኖግራም ገደማ ብቻ ነው፣ የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ማለት ነው። መጠኑ ሲጨምር የሴቷ የእንቁላል መውጫ ይዘጋል፣ መውለድ ታቆማለች፣ ከዚያ ዳርቻው ባዶ ይቀራል። ይህች ቀንድ አውጣ ጫጩቷን ለሞገድ አትሰጥም። እንቁላሏን ድንጋይ ላይ ትለጥፋለች፣ ልጆቿም እዚያው ድኸው ያድጋሉ። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከጠፋች ከሌላ ቦታ ተንሳፍፎ የሚመጣ ምትክ የላትም።

እስቲ አስቡት፣ ያን ጊዜ በወር አንዴ ውሃ ቀድቶ ላብራቶሪ የሚልክ ቡድን ቢኖር ምን ያገኝ ነበር? ምናልባት «ከመለኪያው አቅም በታች» የሚል ወረቀት። ቀንድ አውጣዋ ግን ሌት ተቀን እዚያው ናት፤ የገባባትን ሁሉ በአካሏ ላይ መዝግባ ትቆያችኋለች። ፈረንሳይ ኦይስተር (የሚበላ ባለቅርፊት የባህር እንስሳ) አርቢዎቿ ላይ የደረሰውን ጉዳት አይታ በ1982 ቀለሙን ለትንንሽ ጀልባዎች ከለከለች፣ ብሪታንያም በ1987 ተከተለች። ዓለም አቀፉ ስምምነት በ2001 ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ቀንድ አውጣዋ ጠፍታባቸው በነበሩ ብዙ ዳርቻዎች ቀስ በቀስ ተመልሳለች፣ ይህንንም ያወቅነው ሰው ተንበርክኮ ስለቆጠረ ነው።

ለእናንተ ደግሞ ይህ ተረት አይደለም። ቲቢቲ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። የድሮ ወደብ ሲቆፈር የተቀበረው ሁሉ ተቀስቅሶ ሊወጣ ይችላል፣ ከነመዳቡና ከነሜርኩሪው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ጭቃው ይመርመር፤ ይህን አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትወስዱ ቅር አይለኝም።

በዚሁ መንገድ የሚያገለግለው ሌላው እንስሳ ሙስል ነው፣ ያ ጥቁር ባለሁለት ቅርፊት። አንዱ ሙስል በሰዓት ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ እያጣራ ይመገባል፣ ከውሃው ጋር የመጣውን ብረትና ኬሚካል በሥጋው ያጠራቅማል። ኤድዋርድ ጎልድበርግ የሚባል የባህር ኬሚስት በ1975 «ሙስሎችን እንደ ዘበኛ እንጠቀምባቸው» የሚል ሐሳብ አቀረበ። የአሜሪካ መንግሥት ከ1986 ጀምሮ በባህር ዳርቻዎቹ ሁሉ ዘርግቶታል። እናንተ አካባቢ ሙስል ከሌለ ሌላ ባለሁለት ቅርፊት አይጠፋም። ከንጹህ ቦታ አምጥቶ በመረብ አንጠልጥሎ ማቆየትም ይቻላል፤ ያኔ መቼ እንደገባ ስለምታውቁ ሒሳቡ ይቀላችኋል።

የጭቃው ማጣራት ደግሞ አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ጭቃውን በመያዣ ታነሳላችሁ፣ በወንፊት ታጥባላችሁ፣ የቀረውን ትል፣ ሸርጣንና ቅርፊት በአጉሊ መነጽር ትለያላችሁ። ጀርባ ይሰብራል። ግን ትሎቹ አይዋሹም። ፒርሰንና ሮዘንበርግ በ1978 በደንብ እንዳሳዩት ቆሻሻ ወደሚደፋበት ስትጠጉ ትልልቆቹና ረጅም ዕድሜ ያላቸው እንስሳት ይጠፋሉ፣ እንደ ካፒቴላ ያሉ ትንንሽ ትሎች ብቻቸውን በሺዎች ይፈላሉ፣ ይበልጥ ስትጠጉ እነሱም የሉም። ቅደም ተከተሉ በብዙ የዓለም ባህሮች ተመሳሳይ መሆኑ ነው የሚገርመው።

እዚህ ላይ ስለ ወንፊት አንድ ነገር ልበል። አንድ ጊዜ በሠራሁበት ፕሮጀክት የወንፊቱ ቀዳዳ 1 ሚሊ ሜትር ነበር። ወንፊቱ ተቀደደና ሌላ ተገዛ፣ የግማሽ ሚሊ ሜትር። ማንም ልብ አላለም፣ ማንም አልጻፈውም። በሚቀጥለው ዓመት የእንስሳቱ ቁጥር ሽቅብ ወጣ። ሪፖርቱ ላይ «ሥነ ምህዳሩ እያገገመ ነው» ተብሎ ሊወጣ አንድ ሐሙስ ሲቀረው አንድ የድሮ ሠራተኛ «ወንፊቱ ተቀይሯል እኮ» አለ። ያገገመው ባህሩ ሳይሆን ወንፊቱ ነበር።

ለዚህ ነው በዚህ ሙያ ውስጥ ያለን ሰዎች አንድ ያረጀ መሣሪያ በፍቅር የምናየው። አሊስተር ሃርዲ የሚባል እንግሊዛዊ በንግድ መርከብ ኋላ ተጎትቶ ፕላንክተን፣ ማለትም በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታትን፣ የሚሰበስብ የብረት ሳጥን ሠራ። ውስጡ የሐር ጨርቅ አለ፣ መርከቡ ሲሄድ ጨርቁ ቀስ እያለ ይጠቀለላል፣ ውሃው በጨርቁ ሲያልፍ ፕላንክተኑ ይያዛል። የሰሜን ባህር ቅኝቱ በ1931 ተጀመረ፣ ዛሬም አለ። ዛሬ የተሻለ ነገር መሥራት አይቻልም? ይቻላል። ግን የጨርቁን ቀዳዳ ቢለውጡት ከ1930ዎቹ ጋር ማወዳደር ያበቃል፣ ስለዚህ አልነኩትም። በዚህ ግትርነታቸው ምክንያት ሞቃት ውሃ የሚወዱት ፕላንክተኖች በሰሜን ምሥራቅ አትላንቲክ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አሥር የኬክሮስ ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን መገስገሳቸው ታወቀ። ከዚህም በላይ ናሙናዎቹ ስላልተጣሉ፣ በ2004 ተመራማሪዎች የቆዩትን ጨርቆች አውጥተው ሲያዩ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ደቃቅ ፕላስቲክ እየጨመረ መምጣቱን አገኙ። ሰብሳቢዎቹ ጨርቁን ሲያስቀምጡ ስለ ደቃቅ ፕላስቲክ የሚያስብ ሰው አልነበረም።

እሺ፣ ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ፣ ወደ ማነጻጸሩ።

በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሳን ኦኖፍሬ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ሲስፋፋ ሁሉም የፈራው ሙቀትን ነበር። ማመንጫው የባህር ውሃ ስቦ ይቀዘቅዝበት፣ ከዚያ ሞቃቱን ውሃ ይመልስ ነበር። በ1970ዎቹ ሦስት ሳይንቲስቶች ያሉበት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አንዱን ኩባንያው መረጠ፣ አንዱን ተቃዋሚዎቹ፣ አንዱን የዳርቻው ተቆጣጣሪ ኮሚሽን። (ይህ አሰያየም ራሱ ብልህነት ነው፤ ኋላ ላይ «ያንተ ሰው ነው» መባባል አይኖርም።) ኮሚቴው ሁለቱ አዳዲስ ክፍሎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ለዓመታት አስለካ፣ ከጀመሩም በኋላ አስለካ። የሚለካው ማመንጫው አጠገብ ብቻ አልነበረም፣ ራቅ ያለ ተመሳሳይ ቦታም ነበረው።

እነዚያ ክፍሎች ሥራ የጀመሩት በ1983 እና 1984 ነው። በዚያው ሰሞን፣ በ1982 እና 1983፣ ኃይለኛ ኤል ኒኞ መጥቶ የደቡብ ካሊፎርኒያን ኬልፕ፣ ማለትም እንደ ደን የሚቆመውን ግዙፍ የባህር አልጌ፣ ጠራርጎት ነበር። እስቲ ማመንጫው አጠገብ ብቻ ለክተው ቢሆን? «በፊት ኬልፕ ነበረ፣ ማመንጫው ሥራ ጀመረ፣ ኬልፑ ጠፋ» ብለው በደፈናው በፈረዱ ነበር። ኩባንያው ደግሞ «ኤል ኒኞ ነው» ብሎ በደፈናው ባመለጠ ነበር። የራቀው ቦታ ስላለ ጥያቄው ተቀየረ፦ ኤል ኒኞ ሁለቱንም ከመታ በኋላ ያኛው ሲያገግም ይህኛውስ እኩል አገገመ ወይ? አላገገመም። በ1989 ኮሚቴው ሪፖርቱን ሲያወጣ ደግሞ የተፈራው ሙቀት ዋናው ተጠያቂ አልሆነም። ከማስወጫዎቹ የሚፈልቀው ውሃ በዙሪያው ያለውን ጭቃማ ውሃ እየጎተተ ኬልፑ ላይ ያለብሰው ነበር። ብርሃን ተከለከለ። በኋላ ኩባንያው 150 ኤከር ኬልፕ የሚያበቅል ሰው ሠራሽ ሪፍ፣ ማለትም በባህሩ ታች የተደረደረ ድንጋይ፣ እንዲሠራ ታዘዘ። ያም ሪፍ ሥራውን መሥራት አለመሥራቱ የሚታየው በአቅራቢያው ካሉ ሁለት የተፈጥሮ ሪፎች ጋር እየተወዳደረ ነው።

ከዚህ ለእናንተ የሚሆነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከአሁኑ ማነጻጸሪያ ቦታ ምረጡ። አንድ አይበቃም። የአውስትራሊያው ቶኒ አንደርዉድ ይህን ጉዳይ ለዓመታት ሲጎተጉት ነበር፦ ሁለት ቦታዎች ብቻ ካሉህ በሺህ ምክንያት ሊለያዩ ይችላሉ፣ ያንን ከጉዳት መለየት አትችልም። ሦስት አራት ማነጻጸሪያ ሲኖር ግን «የተለመደው ልዩነት» ምን ያህል እንደሆነ ታያላችሁ፣ ወደባችሁ ከዚያ አጥር ወጣ ወይ የሚለው ደግሞ ራሱን ያሳያል። ጥልቀቱ፣ የታችኛው አፈር፣ ለሞገድ መጋለጡ ተቀራራቢ ይሁን። ጭቃማው ጅረት ከማይደርስበት በቂ ርቀት ላይ ይሁኑ፤ ከመምረጣችሁ በፊት የውሃው አካሄድ ወዴት እንደሆነ እዩ፣ የሚንሳፈፍ ነገር ጥሎ መከተል እንኳን ብዙ ይነግራል።

ሁለተኛ፣ ናሙና ሲበዛ ቦታ የበዛ አይምሰላችሁ። ከአንዲት ጥግ ሰላሳ ጊዜ ጭቃ ብታነሱ ያችን ጥግ በደንብ አወቃችኋት፣ ወደቡን ግን አላወቃችሁም። ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 ይህን ስህተት በስም ጠርቶ ብዙ የታተሙ ጥናቶች ውስጥ ሲያሳይ ስንቱ እንዳፈረ መገመት ነው። ዛሬም ይሠራል ስህተቱ፣ በየቀኑ አየዋለሁ።

መነሻ መረጃ ሳይኖር ሲቀር ምን እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ አላስካ አለላችሁ። በመጋቢት 1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ 37,000 ቶን ገደማ ድፍድፍ ዘይት ፕሪንስ ዊሊያም ሳውንድ የተባለው የባህር ወሽመጥ ውስጥ ደፋች። በ1993 የአካባቢው ሄሪንግ ዓሣ ብዛት ተንኮታኮተ። ዘይቱ ነው? በሽታ ነው? የምግብ እጥረት ነው? ክርክሩ ለአሥርት ዓመታት ቀጠለ፣ ምክንያቱም ለብዙዎቹ እንስሳት ከአደጋው በፊት የነበረው መረጃ ሳሳ ያለ ነበር፣ ባህሩም በራሱ እየተለወጠ ነበር።

በተቃራኒው ቶሪ ካንየን የተባለችው መርከብ በመጋቢት 1967 በእንግሊዝ ኮርንዎል ዳርቻ ላይ ስትሰበር፣ ፕሊመዝ ያሉት ተመራማሪዎች እነዚያን ድንጋዮች ቀድመው ያውቋቸው ነበር። ወደ 119,000 ቶን ዘይት ይዛ ነበር። ዳርቻውን ለማጽዳት 10,000 ቶን ገደማ የዘይት ማሟሚያ ተረጨ። ያ ማሟሚያ ከዘይቱ የባሰ መርዝ ሆነ። ድንጋይ ላይ አልጌ የሚግጡትን ሊምፔት የሚባሉ እንስሳት ፈጃቸው፣ የሚግጥ ሲጠፋ ዳርቻው አረንጓዴ ለበሰ። ላየው ሰው «እንዴት ለምልሟል» ያሰኛል። ድንጋዮቹን የሚያውቁት ግን ያ ልምላሜ በሽታ መሆኑን አወቁ። ማሟሚያ በብዛት የተረጨባቸው ቦታዎች ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው ለመመለስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀባቸው፣ ያልተረጨባቸው ግን በሁለት ሦስት ዓመት ውስጥ አገገሙ።

አሁን «አንድ ዓመት ይበቃል ወይ?» ትሉኛላችሁ። እውነቱን ለመናገር አይበቃም። አንድ ዓመት ወቅቶቹን አንዴ ያሳያችኋል፣ መጥፎ ዓመትና ጥሩ ዓመት ምን እንደሚመስል አያሳይም። ያላችሁ ግን እሱ ስለሆነ ማነጻጸሪያ ቦታዎቹ የበለጠ ያስፈልጓችኋል፣ የጎደለውን ዓመት በከፊል የሚተኩት እነሱ ናቸው። በተጨማሪ የቆየ መረጃ አስሱ። የድሮ የአየር ፎቶ፣ የዓሣ ማረፊያ መዝገብ፣ የመርከበኞች የጥልቀት ካርታ፣ የሽማግሌ ዓሣ አጥማጆች ትዝታ። ዳንኤል ፖሊ በ1995 እንዳለው እያንዳንዱ ትውልድ በወጣትነቱ ያየውን ባህር «ጤነኛው» አድርጎ ይይዛል፣ የልጁ መነሻ ደግሞ ከዚያ ዝቅ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን ስታናግሩ «ዓሣ ይበዛ ነበር?» አትበሏቸው፣ ሁሉም «አዎ» ይላል። «ትልቁ የያዝከው የቱ ነበር? የት? በስንት ዓመተ ምሕረት?» በሏቸው።

ሥራውን እንዲህ ብታስኬዱት ደስ ይለኛል። በመጀመሪያው ወር ከአስፈላጊው በላይ ናሙና አንሱ፣ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚለያዩ እዩ፣ ከዚያ ስንት እንደሚበቃ ወስኑ። ድንጋዩ ላይ የምትቆጥሩበትን ቦታ በስልክ ጂፒኤስ ብቻ አትተማመኑበት፣ ብዙ ሜትር ይስታል። ድንጋዩን በድሪል በስታችሁ ብሎን በማጣበቂያ ትከሉ፣ ፎቶ አንሱ። ሁልጊዜ በዚያው ከፍታ ላይ ቁጠሩ፣ ምክንያቱም ውሃው በሚሞላና በሚጎድልበት ድንጋይ ላይ ግማሽ ሜትር ከፍ ማለት ሌላ አገር መግባት ነው። አልፎ አልፎ አንዱን ፍሬም (የምትቆጥሩበትን ቦታ የሚከልለውን አራት ማዕዘን) ሁለት ሰው ሳይተያይ ይቁጠረው፤ ልዩነቱን አትደብቁት፣ ጻፉት።

ሴንሰር ካላችሁ ታች ያለው ብርሃን ላይ አውሉት። ቁፋሮ ከሁሉ በፊት የሚያመጣው ድፍርስ ውሃ ነው፣ የባህር ሣር ደግሞ ላዩ ላይ ከሚያርፈው ብርሃን ቢያንስ አንድ አሥረኛው ገደማ ካልደረሰው ብዙ አይቆይም፣ ብዙ ዓይነቶች ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። ሴንሰሩ በሳምንታት ውስጥ አልጌና ቅርፊት ስለሚለብስ ካላጸዳችሁት «ብርሃን እየቀነሰ ነው» እያለ ይዋሻችኋል። ከጎኑ የሴኪ ዲስክም ይኑራችሁ። አንጄሎ ሴኪ የሚባል ቄስ የሥነ ፈለክ ሊቅ በ1865 በመርከብ ላይ የሞከረው ነጭ ሳህን ነው፣ በገመድ ታወርዱታላችሁ፣ የተሰወረበትን ጥልቀት ትጽፋላችሁ። ባትሪ አይፈልግም፣ ካሊብሬሽን (መለኪያውን በየጊዜው ማስተካከል) አይፈልግም፣ ከመቶ ዓመት በፊት ከተገኘ ውጤት ጋር ይወዳደራል።

ከውሃ ውስጥ ዲኤንኤ አንስቶ ምን ዓይነት እንስሳት እንዳሉ ማወቅ አሁን ፋሽን ሆኗል፣ ጥሩም ነው። በጥቂት ሊትር ውሃ ጠላቂ ያላየውን ዓሣ ስም ያወጣላችኋል። ግን ስንት እንደሆነ፣ ትልቅ ይሁን ትንሽ፣ እዚያው ይኑር ወይስ ዲኤንኤው በጅረት ተንሳፍፎ ይምጣ በእርግጠኝነት አይናገርም። ገንዘብ ካልተረፈ ለጊዜው ይቆይ። ይልቅ ከየናሙናው ጥቂቱን በአልኮል አስቀምጡ፤ ፎርማሊን ዲኤንኤውን ያበላሸዋል። ከጭቃውም ትንሽ በማቀዝቀዣ አስቀሩ።

ሌላው፣ ቁፋሮው ሳይጀመር በጽሑፍ የምትስማሙበት ቁጥር ይኑር። ብርሃኑ ከስንት በታች ለስንት ቀን ከወረደ ነው ሥራው የሚቆመው? ማን ነው የሚያስቆመው? ይህ ማሽኑ ከገባ በኋላ የሚነሳ ጥያቄ ከሆነ መልሱን አሁን ልነግራችሁ እችላለሁ፦ አይቆምም።

ስለ መዝገቡ ደግሞ፣ ዜሮ ስታገኙ ዜሮ ብላችሁ ጻፉ። ሞገድ በዝቶ ሳትሄዱ ከቀራችሁ ባዶ ተዉትና ምክንያቱን ከጎኑ አስፍሩ። ሁለቱን የሚያምታታ ሠንጠረዥ ስንት ጊዜ እጄ ገብቶ «እንስሳው በዚህ ወር ጠፍቶ ነው ወይስ ሰውየው ታሞ ነው?» እያልኩ እንደተብሰለሰልኩ አልነግራችሁም። ወንፊት ሲቀየር፣ ሰው ሲቀየር፣ ጀልባ ሲቀየር ቀኑን ጻፉ።

አለቃችሁ «በጀት የለም» ካለ ደግሞ ከሴንሰሮቹ አንዱን ይቀንስና በቁጠባው ሁለት ማነጻጸሪያ ቦታ ይጨምር። ቀንድ አውጣ ቆጠራው የሚፈልገው ፍሬም፣ እርሳስ፣ ውሃ የማያበላሸው ደብተርና የጉልበት መከላከያ ነው። የጉልበት መከላከያው ላይ ግን አትቆጥቡ።